ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደው ትራፊክ በማን በኩል ይለፍ?

«ሲስተም የለም» ሲባል ያልሰማ ባለጉዳይ ቡታጅራ ውስጥ አይገኝም። በባንክ መስኮት፣ በገቢዎች፣ በመሬት አስተዳደር፣ በካርድ ክፍል ፊት ለፊት ሰው ወረፋ ይዞ ይቆማል፤ ሠራተኛዋ ስክሪኑን ታያለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግማ ትጫናለች፣ በመጨረሻም ያቺው ቃል ትወጣለች። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ «ቴሌ ነው» ነው። ብዙ ጊዜ ሐሰት አይደለም፤ መብራት ይጠፋል፣ መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይበጠሳል፣ መስመር ይጨናነቃል። ግን የተፈለገው ፋይል ያለው አዲስ አበባ ሳይሆን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል አለፍ ብሎ ባለ ሰርቨር ላይ ከሆነስ? ያኔ ቴሌን ምን አገባው?

ይህ ዳሰሳ ስለዚያ አጭር መንገድ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሰብኔቶች፣ ማለትም የኔትዎርኩ ክፍሎች፣ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ትራፊክ በፕሮሰሰር በሚሠራ ትንሽ ራውተር በኩል ይለፍ ወይስ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የስዊች ቺፕ? ጥያቄው በዓለም ላይ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በትልልቅ ተቋማት ዘንድ መልሱ ከተሰጠ ቆይቷል። እንደ ቡታጅራና ወልቂጤ ባሉ ከተሞች ግን ገና እየመጣ ያለ ጉዳይ ነው። የሚመጣበትም ምክንያት አለ። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአለም ገና–ሆሳዕና መንገድ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። አዲሱ ክልል ቢሮዎቹን በአንድ ከተማ ከመሰብሰብ ይልቅ በበርካታ ከተሞች ስላከፋፈለ፣ ቀድሞ የወረዳና የከተማ መሥሪያ ቤት ብቻ የነበረባቸው ግቢዎች ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤት፣ ብዙ ኮምፒውተርና ብዙ ካሜራ ይዘዋል። ቢሮ ሲጨመር ገመድ ይጨመራል፤ የገመዱ አደራረግ ግን እንደ ድሮው ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ኔትዎርኩን መከፋፈል ለምን አስፈለገ? ሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ሰብኔት ቢሆን ለማሻገር ራውተርም ባላስፈለገ፣ ክርክሩም ባልተነሳ። ችግሩ በአንድ ሰብኔት ያለ መሣሪያ ሁሉ የሌላውን ጩኸት መስማቱ ነው። «ይህን አይፒ የያዘ ማነው?» የሚል ጥያቄ በወጣ ቁጥር ለሁሉም ይደርሳል። መቶ፣ ሁለት መቶ መሣሪያ ሲሆን፣ በዚያ ላይ አንድ ሰው ገመዱን በስህተት ከስዊች ወደዚያው ስዊች መልሶ ሲሰካ፣ ግቢው በሙሉ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእንግዳው ስልክ፣ የፋይናንስ ኮምፒውተርና የጥበቃ ካሜራ በአንድ ሜዳ ላይ መዋላቸው ለማንም ጤና አይደለም። ስለዚህ በቪላን ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ቪላን የራሱ ሰብኔት ይኖረዋል። ሰብኔት የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1985 በደንብ ተጽፎ የወጣ ነው፤ ቪላንን በአንድ ገመድ ላይ በቁጥር እየለየ የሚያሳልፈው የጋራ ደንብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ጸደቀ። ከለያዩ በኋላ ግን አንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አሻጋሪ ይፈልጋል። የዛሬው ጉዳይ አሻጋሪው ማን ይሁን የሚለው ነው።

የተለመደው መልስ በእኛ አገር ይህ ነው፤ ከቴሌ መስመር ጋር የተገናኘችው አንዲት ራውተር ሁሉንም ትሥራ። ከስዊቹ አንድ ገመድ ወደ ራውተሯ ይሄዳል፤ ቪላኖቹ ሁሉ በዚያች ገመድ ላይ ተጭነው ይወጣሉ፣ ተሻግረው በዚያችው ይመለሳሉ። ኮሌጅ ውስጥ «ራውተር ኦን ኤ ስቲክ» ተብሎ የሚማሩት ይህንን ነው። ርካሽ ነው፣ ለመረዳትም ቀላል ነው። ችግሩ የሚታየው ግቢው ሲያድግ ነው።

የጉራጌ መንደር ያየ ሰው ጀፎረን ያውቃል። በሁለት ረድፍ የተሠሩ ቤቶች ሰፊውን፣ ሣር የለበሰውን የጋራ መንገድ መሐል አድርገው ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጎረቤት ጎረቤቱን ለመጠየቅ ዋናው አስፋልት ድረስ ወጥቶ አይመለስም፤ ጀፎረውን ተሻግሮ ይገባል። ሰብኔት ማሻገሩን በራሱ ቺፕ የሚሠራው ስዊች፣ ሌየር 3 ስዊች የሚባለው፣ ለግቢው የሚሰጠው ይህንን ነው። በአንድ ገመድ የተንጠለጠለችው ራውተር ግን ጎረቤታሞቹን ሁሉ አስፋልት ድረስ እያወጣች ትመልሳቸዋለች።

ጉዳዩን ጠጋ ብለን እንየው። እንደ ሆስፒታል ያለ ግቢ እናስብ፤ ምሳሌ እንጂ የአንድ የታወቀ ተቋም ሥዕል አይደለም። የካርድ ክፍል በአንድ ሰብኔት ነው፣ የራጅ ክፍሉ ሰርቨር በሌላ። አንዲት ፓኬት ከካርድ ክፍል ትነሳለች። ላኪው ኮምፒውተር የመድረሻውን አይፒ አይቶ ከራሱ ሰብኔት ውጭ መሆኑን ሲያውቅ ፓኬቷን ለጌትዌዩ፣ ማለትም ለአሻጋሪው፣ ማክ አድራሻ ይሰጣታል። ጌትዌዩ ስዊቹ ራሱ ከሆነ፣ ቺፑ ፓኬቷ ለእሱ የመጣች መሆኗን ከማክ አድራሻው ይለያል፤ የመድረሻውን አይፒ ከመንገድ ሠንጠረዡ ጋር ያስተያያል፣ ከሚገጥሙት መካከል ይበልጥ የሚጠበውን ይመርጣል፤ ቲቲኤል የሚባለውን የዕድሜ ቁጥር በ1 ይቀንሳል፣ ቼክሰሙን ያስተካክላል፤ የላኪውን ማክ በራሱ፣ የተቀባዩን ማክ በሰርቨሩ ይተካል፤ የቪላን ቁጥሩን ቀይሮ ወደ ትክክለኛው ፖርት ይገፋታል። ይህ ሁሉ በሲሊከን ላይ እንደ ቧንቧ በተዘረጋ መስመር የሚያልቅ ነው። ሶፍትዌር የሚባል ነገር አይነካትም። በቺፑ ውስጥ ያለው ልዩ ማስታወሻም ሠንጠረዡን ረድፍ በረድፍ አይፈልግም፤ ረድፎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠየቃሉ፣ የገጠመው ይመልሳል።

በፕሮሰሰር ሲሆን ነገሩ ይለያል። ፓኬቷ ወደ ዋናው ማስታወሻ ትገለበጣለች፣ ፕሮሰሰሩ ይጠራል፣ የራውተሩ ሶፍትዌር ይከፍታታል፣ የፋየርዎል ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይነበባሉ፣ ከዚያ መንገዷ ይፈለግና ተመልሳ ወደ ፖርቱ ትገለበጣለች። ለአንዷ ፓኬት ይህ ምንም አይደለም። ለስንት ፓኬት ግን?

ቁጥሩ ይህን ይመስላል። በአንድ ጊጋቢት ገመድ ላይ ትንሿ ባለ 64 ባይት ፓኬት፣ ከፊትና ከኋላዋ ካለው ክፍተት ጋር፣ 672 ቢት ቦታ ትይዛለች። ስለዚህ ገመዱ ከሞላ በሰከንድ ወደ 1 ሚሊዮን 488 ሺህ ፓኬት ያልፋል፤ ለአንዷ የሚደርሳት 672 ናኖሰከንድ ነው። በ800 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ፕሮሰሰር በዚያ ጊዜ ውስጥ 540 ያህል ምት አለው፤ እየተጣደፈም ቢሆን ይሞክረዋል። ባለ 24 ፖርት ስዊች ሁሉም ፖርቱ ከሞላ ግን ለአንዷ ፓኬት የሚቀረው 28 ናኖሰከንድ፣ 22 ምት ገደማ ነው። ከዋናው ማስታወሻ አንድ ነገር አንብቦ መመለስ ብቻውን ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ትንሽ ማጠንከር መልስ አይሆንም፤ ሥራው በሌላ መንገድ መሠራት አለበት።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ይገባል። ማንም ግቢ ገመዱን በ64 ባይት ፓኬት አይሞላም። ፋይል ሲገለበጥ ፓኬቶቹ ወደ 1500 ባይት ይጠጋሉ፤ ያኔ በጊጋቢት ገመድ የሚያልፈው በሰከንድ 81 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ደህና ራውተር ይህን ይችለዋል። የስዊች ሻጮች ትንሿን ፓኬት እያሳዩ ማስፈራራት ይወዳሉ። እውነተኛው ጭነት የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከካሜራና ከሕክምና ምስል። አንድ ደህና ጥራት ያለው ካሜራ 4 ሜጋቢት ገደማ ይልካል፤ 32 ካሜራ 128 ሜጋቢት ነው፣ ሌት ተቀን ያለ ዕረፍት። ፖርቶቿ ባለ 100 ሜጋቢት በሆኑባት አሮጌ ራውተር ላይ ይህ ትራፊክ ብቻውን ከገመዷ በላይ ነው። 500 ሜጋባይት የሆነ የሲቲ ስካን ምስል በንጹሕ ጊጋቢት መንገድ ከ5 ሰከንድ ባነሰ ይደርሳል፤ በ100 ሜጋቢት ገመድ ሌላ ምንም ሳይኖር እንኳ 40 ሰከንድ ይፈጃል። ካሜራውና ምስሉ በአንዲት ራውተር ላይ ሲገናኙ ሐኪሙ ይጠብቃል። «ኔትዎርኩ ቀርፋፋ ነው» የሚባለው ያን ጊዜ ነው፤ የቴሌ መስመር በዚህ ውስጥ እጁ የለበትም።

ለዚህ ችግር ዓለም መፍትሔ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የኔትዎርክ ባለሙያዎች ደንብ ከትራፊኩ 80 ከመቶው በሰብኔቱ ውስጥ ይቀራል፣ 20 ከመቶው ብቻ ይሻገራል የሚል ነበር። ሰርቨሮች ወደ አንድ ክፍል ሲሰበሰቡና ኢንተርኔት ሲስፋፋ ቁጥሩ ተገለበጠ፤ አብዛኛው ትራፊክ መሻገር ያዘ። ፕሮሰሰር ያለባቸው ራውተሮች ውድና ቀርፋፋ ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1996 ስዊች ሠሪዎቹ ኤክስትሪም ኔትዎርክስና ፋውንድሪ ኔትዎርክስ ተመሠረቱ፤ በዚያው ዓመት ኢፕሲሎን የተባለ ትንሽ ኩባንያ ሌላ ዓይነት ፈጣን አሠራር አምጥቶ ገበያውን አናጋ፣ ሲስኮም በራሱ መንገድ መልስ ለመስጠት ተገደደ፤ ዛሬ ቴሌዎች የሚጠቀሙበት ኤምፒኤልኤስ መነሻው ያ ፉክክር ነው። በዚያው ዓመት ሲስኮ የስዊች ኩባንያውን ግራናይት ሲስተምስን በ220 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የግራናይት መሥራቾች አንዲ ቤክቶልሻይምና ዴቪድ ቼሪተን ነበሩ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሁለት የስታንፎርድ ተማሪዎች ቼክ ጽፈው ሰጡ፤ ተማሪዎቹ ጉግልን መሠረቱ። የስዊች ቺፕ ሰዎች ገንዘባቸውን የት እንደሚጥሉ ያውቁ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ቤይ ኔትዎርክስ ሌላውን የስዊች ኩባንያ ራፒድ ሲቲን ጠቀለለ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ቺፑ ረከሰ፣ ሰብኔት ማሻገር የስዊች ተራ ሥራ ሆነ። ዛሬ የብሮድኮም ትልልቅ ቺፖች በአንድ ሲሊከን ላይ በሰከንድ ከ50 ቴራቢት በላይ ያሳልፋሉ፤ ያ የቡታጅራ ጉዳይ አይደለም፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ጉዳይ ነው። ለእኛ ቁም ነገሩ የዚያ ታናሽ ወንድም ዛሬ በተራ ባለ 24 ፖርት ስዊች ውስጥ መገኘቱ ነው።

እኛ ዘንድ ለምን ዘገየ? የአገራችን የመንግሥት ኔትዎርክ ታሪክ ራሱ ወደ ላይ የሚያይ ነው። ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት ሲዘረጋ ዓላማው ከ500 በላይ ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር ማገናኘት ነበር፤ ለብዙዎቹ መንገዱ ሳተላይት ነበር። ወረዳው ላይ አንድ ዲሽ፣ አንድ ራውተር፣ የቪዲዮ ስብሰባ ክፍልና ጥቂት ኮምፒውተር። በ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለ ሳተላይት ጋር ሲሠራ ጥያቄና መልሱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። በዚያ ዘመን በግቢ ውስጥ ያለች ራውተር ፈጣን ሆነች ቀርፋፋ ማንም ልብ አይለውም፤ ጠባቧ ቧንቧ ሰማይ ላይ ነበረች። ስኩልኔትም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት ሲያሠራጭ እንዲሁ ከላይ ወደ ታች ነበር። ባንኮችም ቅርንጫፎቻቸውን የሚያገናኙት ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ነው፤ በአንድ ጎዳና ላይ ያሉ ሁለት ቅርንጫፎች የሚገናኙት ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ነው። ለባንክ ይህ ትክክል ነው፤ ሒሳቡ ያለው እዚያ ነው። ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር በፋይበር 1.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ ርቀት ጠላት አይደለም።

ስህተቱ ይህ ልማድ ወደ ግቢው ውስጥ ሲገባ ነው። ወረዳኔትን ያዩ ባለሙያዎች ግቢውንም በዚያው ንድፍ ሠሩት፤ አንድ ራውተር፣ ሁሉም በእሷ በኩል። ያኔ ግን በግቢው ውስጥ ሰርቨር አልነበረም፣ ካሜራ አልነበረም፣ በየጠረጴዛው ኮምፒውተር አልነበረም። ቡታጅራን በዓለም የሕክምና ጥናት ዘንድ ያስታወቀው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሰበሰበው መረጃ ቤት ለቤት በወረቀት የተመዘገበ ነው። ዛሬ የጤና ሚኒስቴር ሪፖርት በዲኤችአይኤስ 2 ሶፍትዌር ነው፤ የሆስፒታል ምስል ዲጂታል ነው። መረጃው ተቀይሯል፣ የሚሄድበት መንገድ ግን የድሮው ቀርቷል።

ለመዘግየቱ ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ በቡታጅራ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ያለውን ዓይነት የሃርድዌርና ኔትዎርክ ሥልጠና የሚወስድ ተማሪ፣ እንዲሁም በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለ የኮምፒውተር ተማሪ፣ ብዙውን ልምምድ የሚሠራው ኔትዎርክን በስክሪን ላይ በሚያስመስለው ሶፍትዌር፣ በፓኬት ትሬሰር ነው። ፓኬት ትሬሰር ውስጥ ራውተር ኦን ኤ ስቲክም ይሠራል፣ ሌየር 3 ስዊቹም ይሠራል፤ ፒንግ ሁለቱም ላይ ይመለሳል። ሶፍትዌሩ የፕሮሰሰሩን ድካም አያሳይም። ተማሪው ሁለቱን እኩል ነው ብሎ ይወጣል፣ ሥራ ሲይዝ ርካሹን ይመርጣል። አስተማሪውን አልወቅስም፤ መሣሪያ ውድ ነው። ሆኖም ሁለት ላፕቶፕና አንድ እውነተኛ ስዊች ያለበት አንድ ቀን ልምምድ ከአንድ ሴሚስተር ሥዕል የበለጠ ያስተምራል።

አሁን ወደ ገበያው። በትልልቅ ተቋማት ጨረታ የሚታዩት እንደ ሲስኮና ሁዋዌ ያሉት ናቸው። በሱቅ የሚገዛው ቲፒሊንክና የላትቪያው ማይክሮቲክ ነው። ማይክሮቲክ በኢንተርኔት ካፌዎች፣ በሆቴሎችና በትናንሽ ድርጅቶች ዘንድ ልዩ ቦታ አለው፤ ዋጋው ይቀመሳል፣ ባለሙያውም ይወደዋል። ታሪኩ ለዚህ ዳሰሳ አስተማሪ ነው። ለብዙ ዓመት ሲአርኤስ የተባሉት ስዊቾቹ ትራፊክን በአንድ ሰብኔት ውስጥ በቺፕ ያሳልፉ ነበር፤ ሰብኔት ሲሻገር ግን ወደ ደካማው ፕሮሰሰር ይወጣ ነበር። ባለ 24 ጊጋቢት ፖርቱ ሲአርኤስ 326 ፕሮሰሰሩ አንድ ኮር፣ 800 ሜጋኸርዝ ነው። ስዊች ነው ብሎ የገዛው ሰው በራውተርነት ሲጠቀምበት ይደነግጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ራውተር ኦኤስ 7 ሲወጣ ያው ስዊች፣ ያው ቺፕ፣ በሶፍትዌር ለውጥ ብቻ ሰብኔት ማሻገርን ወደ ሃርድዌሩ አወረደው። አዲስ ዕቃ አላስፈለገም።

ግን ይህ አሠራር ሲመጣ እንዲሁ በርቶ አይመጣም፤ አንድ ሰው «አብራ» ማለት አለበት። ያላበራው ሰው ጊጋቢት ስዊች ይዞ በትንሿ ፕሮሰሰር ይሠራል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ማብራቱ ብቻም አይበቃም። ቪላኖቹ ሁሉ በአንድ ብሪጅ፣ ማለትም በአንድ የፖርቶች ቡድን፣ ሥር መሆን አለባቸው፣ በሃርድዌርም ቪላን ማጣራት መከፈት አለበት። ሁለት ሦስት ብሪጅ መሥራት የለመደ ሰው ሳያውቀው ትራፊኩን ወደ ፕሮሰሰር ይመልሰዋል። ከሁሉ ይበልጥ፣ በዚያው መሣሪያ ላይ አድራሻ መቀየር (NAT)፣ ግንኙነትን እየተከታተለ የሚያጣራ ፋየርዎል፣ ወረፋ በመያዝ ፍጥነት መገደብና ቪፒኤን ሲደረደሩ፣ በርካሾቹ ሞዴሎች ላይ ቺፑ ይህን ሁሉ አያውቀውም። ወይ ፕሮሰሰሩ ይሠራዋል፣ ወይ ደንቡ ሳይታይ ይታለፋል። ሁለተኛው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ፋየርዎል አለኝ ብሎ የሚተማመን፣ ፓኬቱ ግን በሥሩ የሚያልፍበት ቢሮ ይኖራል።

በሃርድዌር ማሻገር ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ ይኸው ነው፣ ተቃውሞውም ትክክል ነው። የስዊች ቺፕ በአድራሻና በፖርት ቁጥር ይከለክላል እንጂ ንግግሩን አይከታተልም። ማን ጀመረ፣ ማን መለሰ፣ ውስጡ ምን አለ፣ አያውቅም። ስለዚህ የፋይናንስ ክፍሉ ሰብኔት ከሌላው ጋር በስዊች በኩል በነፃ መገናኘት የለበትም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ብዛት ያለውና እምነት የሚጣልበት ትራፊክ፣ እንደ ካሜራ፣ ምስል፣ የፋይል ሰርቨርና ፕሪንተር፣ በስዊቹ ይለፍ፤ ገንዘብና የሰው ምስጢር ያለበት በፋየርዎሉ ይለፍ፣ ቢዘገይም ይዘግይ። የእንግዳ ዋይፋይ ደግሞ ወደ ኢንተርኔት ብቻ ይውጣ፣ ወደ ጎን መንገድ አይሰጠው። አንዳንድ ሻጮች «ሁሉንም በሌየር 3 አድርጉት» ሲሉ እሰማለሁ። አልስማማም።

ከዚህም በፊት ሊታሰብ የሚገባ ነገር አለ። በጣም ፈጣኑ ማሻገር ያልተፈለገ ማሻገር ነው። የካሜራዎቹ መቅረጫ ከካሜራዎቹ ጋር በአንድ ሰብኔት ቢቀመጥ ያ 128 ሜጋቢት ምንም አይሻገርም፤ የሚሻገረው ጥበቃው ስክሪን ላይ የሚያየው ጥቂት ምስል ብቻ ነው። ብዙ ቦታ የሚታየው መጨናነቅ በንድፍ የመጣ እንጂ በዕቃ ማነስ የመጣ አይደለም።

ትንሹ ቢሮስ? አስር፣ ሃያ ኮምፒውተር ያለበት፣ ሥራው ሁሉ በአሳሽ ኢንተርኔት ላይ የሆነ፣ ሰርቨር የሌለው መሥሪያ ቤት ሌየር 3 ስዊች አያስፈልገውም። ትራፊኩ ሁሉ ወደ ውጭ ነው፤ ጠባቧ ቦታ የቴሌ መስመር ናት፣ ደህና ራውተር ይበቃል። ለእንዲህ ያለው ቢሮ ገንዘቡ ለዩፒኤስና ለመብረቅ መከላከያ ቢወጣ ይሻላል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 በኋላ በገበያ ሲወሰን ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ስዊች ዋጋውም አብሮ ሄደ። ያላስፈለገ ዕቃ መግዛት ዛሬ ከድሮው የባሰ ጥፋት ነው።

ስለ ሠንጠረዥ መጠንም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 2014 የዓለም ኢንተርኔት የመንገድ ሠንጠረዥ ከ512 ሺህ ሲያልፍ ብዙ የቆዩ ትልልቅ ራውተሮች የቺፕ ማስታወሻቸው ሞልቶ ተንገዳገዱ፤ በዚያ ቀን በየአገሩ አገልግሎት ተቋረጠ። ሃርድዌር ፈጣን የሆነውን ያህል ቦታው የተወሰነ ነው። ይህ ግን የቴሌ ጭንቀት ነው። የግቢ ስዊች አስር፣ ሃያ ሰብኔትና አንድ መውጫ መንገድ ነው የሚይዘው፤ ከርካሾቹም ብዙዎቹ ለዚያ ይበቃሉ። ግቢ ውስጥ ይልቅ የሚሞላው የኮምፒውተሮቹ አድራሻ የሚያዝበት ሠንጠረዥ ነው፣ እሱም ስልኮች በዋይፋይ ሲበዙ።

ለግዥ ኮሚቴዎች አንድ ቃል። በጨረታ ሰነድ ላይ «ሌየር 3 ስዊች ወይም ተመጣጣኝ» ብሎ መጻፍ ምንም አይደለም፤ ሁሉም ሳጥን ላይ ያ ቃል አለ። አንዳንዱ ጥቂት መንገዶችን በእጅ ብቻ የሚቀበል ነው፣ አንዳንዱ የሚያሻግረው በፕሮሰሰር ነው። የሚጻፈው ሌላ ነው፤ ሰብኔት ሲሻገር በሃርድዌር ነው ወይ? በሁሉም ፖርት ሙሉ ፍጥነት ነው ወይ? ለባለ 24 ጊጋቢት ፖርት ይህ በሰከንድ 35.7 ሚሊዮን ፓኬት ነው፤ ቁጥሩን አቅራቢው በጽሑፍ ያረጋግጥ። ፋየርዎል ሲበራ ፍጥነቱ ስንት ይቀራል? የሶፍትዌር ፈቃዱ ይህን ባሕርይ ያካትታል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? ቴክኒሻኑ ሥራ ቢለቅ የሚተካው ሰው የሚያነበው የኮንፊገሬሽን ቅጂና የሰብኔት ዝርዝር በወረቀት ተሰጥቷል? የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ በየግቢው የይለፍ ቃሉ ከሰውየው ጋር የሄደ ስዊች ሞልቷል።

ምንም ሳይገዛ ዛሬ የሚሠራ ፈተናም አለ። አንድ ጊጋባይት ፋይል በአንድ ሰብኔት ካለ ኮምፒውተር ወደ ጎረቤቱ ቅዱና ሰዓት ያዙ። ያንኑ ፋይል በሌላ ሰብኔት ወዳለ ኮምፒውተር ቅዱ፤ በዚያው ጊዜ የራውተራችሁን የፕሮሰሰር ጭነት በስክሪን ተመልከቱ። ሁለቱ ጊዜ ከተቀራረበ ያላችሁ መሣሪያ ይበቃችኋል፣ ገንዘባችሁን ያዙ። ሁለተኛው ሦስት አራት እጥፍ ከረዘመና ፕሮሰሰሩ 100 ከመቶ ከደረሰ ችግሩ ግቢያችሁ ውስጥ ነው። ውጤቱን ጻፉትና ለኃላፊያችሁ አሳዩ፤ ቴሌ ጋ የሚደወለው ከዚያ በኋላ ነው።